ሕዋስ ጎረቤቱን ሲጠራ፦ ከብስባሽ ትል እስከ ስድስቱ ስኒዎች

ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሕዋስን ምዕራፍ በጀመርን ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ሁሉም ሕዋስ የያዘው ያው አንድ ዘረመል ከሆነ፣ አንዱ ቆዳ ሌላው ነርቭ እንዲሆን ማን ነገረው?» ከሚጠየቁኝ ሁሉ የምወደው ጥያቄ ነው። መልሱ ባጭሩ «ጎረቤቱ» ነው። ባጭሩ ሲነገር ግን አይገባም፤ የሚገባው በእጅ ተሠርቶ በዓይን ሲታይ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ነው። መጀመሪያ ከብስባሽ ውስጥ ድቡልቡል ትል አውጥተን እናያለን። ቀጥለን የትሏ ሕዋሳት እንዴት እንደሚላላኩና ያንን የሚቆጣጠሩት ጂኖች እነማን እንደሆኑ በስድስት ስኒ፣ በቡና ፍሬና በሽምብራ ጠረጴዛ ላይ እንሠራለን።

የምንከተላት ትል ሲኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ ትባላለች። 1 ሚሊሜትር ገደማ ብትረዝም ነው። አካሏ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሳትቀደድ ውስጧ ይታያል። ሲድኒ ብሬነር የዘረመል ጥናቷን በ1974 እ.ኤ.አ. ካሳተመ በኋላ፣ ጆን ሰልስተንና ሮበርት ሆርቪትዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር በማይክሮስኮፕ እያዩ ሕዋሶቿ ከየትኛው ወደየትኛው እንደሚከፈሉ መዘገቡ። እንቁላልም ዘርም የምታመርተው ፍናፍንቷ ትል ስታድግ፣ ከመራቢያ ሕዋሳት ውጭ ያሏት ሕዋሳት 959 ናቸው፤ በየትኛዋም ትል ያው 959። በዕድገቷ ወቅት ደግሞ ሌሎች 131 ሕዋሳት ተወልደው በሥርዓት ይሞታሉ። ሦስቱ ሰዎች በ2002 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙ። የትውልድ ሐረጉ ተቆጥሮ ያለቀ በመሆኑ ነው አንዷ ሕዋስ መንገድ ስትስት ወዲያው የሚታወቀው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ መቀስ፣ ሻሽ፣ ሶፍት፣ የላስቲክ ጓንት፣ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ፣ ስላይድና ስስ መሸፈኛ መስታወት፣ ጥቂት የአጃ ዱቄት፣ አንድ ጀበና፣ ስድስት ስኒ፣ አንድ እፍኝ ያልተቆላ ቡና፣ አንድ እፍኝ ሽምብራ፣ የሳንቲም ፍራንክ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች አንድ ሳምንት ይወስዳሉ። የቀሩት በሁለት ክፍለ ጊዜ ያልቃሉ። ማይክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤት ከደረጃ 4 ይጀምር፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ደረጃ 1፦ ትሏን ማግኘት

እነዚህ ትሎች የሚወዱት ባክቴሪያ የሞላበት የበሰበሰ የተክል አካል ነው። ከገበያ የተጣለ ፓፓያ፣ ከዛፉ ሥር ረግፎ የጠቆረ ዘይቱን ወይም ማንጎ፣ የበሰበሰ የበለስ ግንድ፣ የጓሮ ብስባሽ ሁሉ ይሆናል። እርጥብ ሆኖ ልፍስፍስ ያለውን ምረጡ። የደረቀው አይጠቅምም።

እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ከመጸዳጃ ቤት አካባቢ፣ ከበረትና ሰው ሜዳ ከሚወጣበት ቦታ ናሙና አትውሰዱ። ወስፋትም ድቡልቡል ትል ነው፤ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል። በባዶ እግር ቆዳ የሚበሳው ትልም እንደዚሁ አፈር ውስጥ ይጠብቃል። ጓንት አድርጉ፣ በመጨረሻ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በተማሪዎች ፊት ምንም ነገር አትብሉ።

ጠርሙሱን ከመሃሉ ቁረጡት። ክዳኑ እንደተዘጋ የላይኛውን ግማሽ ገልብጣችሁ የታችኛው ላይ አስቀምጡት፤ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ይሆናል። ውስጡን ሻሽ አልብሱት፣ በላዩ ሶፍት ዘርጉ፣ ሶፍቱ ላይ ሁለት ማንኪያ ብስባሽ አድርጉ። በአንድ ጆግ አሳድራችሁ ያቆያችሁትን ውሃ፣ ብስባሹን ከታች እስኪነካ ድረስ በዳር በኩል ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ትሎቹ በሶፍቱ ቀዳዳ እየሾለኩ ይወጣሉ። ሽቅብ መዋኘት ስለማይችሉ ወደ ክዳኑ ይሰምጣሉ። ማታ አዘጋጅታችሁ ጠዋት ክዳኑን በትንሹ ላላ ብታደርጉት፣ መጀመሪያ የምትወርደው አንድ ማንኪያ ውሃ ናት የምትፈለገው።

ደረጃ 2፦ ማየት

ውሃውን ነጭ ሳህን ላይ አድርጋችሁ በስልክ መብራት ከጎን አብሩበት። የተቆረጠ ፀጉር የመሰለ፣ እየተጠማዘዘ የሚሮጥ ነገር ካያችሁ አግኝታችኋል። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጉ፣ በስሱ መስታወት ሸፍኑ፣ ከትንሹ ማጉያ ጀምሩ። መብራት ቢጠፋ አትጨነቁ፤ መስታወት ያለው የድሮ ማይክሮስኮፕ በመስኮት በሚገባ ፀሐይ ጥሩ ያሳያል። ትሏ አልቆምም ካለች ስላይዱን በሻማ ነበልባል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፉት። ቀጥ ብላ ትቀራለች።

መጀመሪያ ጉሮሮዋን እዩ። ሁለት እብጠት አለው፤ በኋለኛው እብጠት ውስጥ እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ነገር ይንቀሳቀሳል። በወፍጮው ፈንታ አፏ ላይ መርፌ ካያችሁ ሥር የምትወጋ የተክል ትል ልትሆን ትችላለች፤ ሌላ ፈልጉ። ወፍጮ ያላት ሁሉ ደግሞ ኤሌጋንስ ናት ማለት አይደለም፤ ዘመዶቿ ብዙ ናቸው። ለእኛ ዓላማ ግን ብዙዎቹ ዘመዶቿ ያው አሠራር ስላላቸው ይበቃሉ።

ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ሆዷ መሃል አውርዱ። በጎልማሳዋ ላይ እንቁላሎች ተደርድረው ይታያሉ፤ አጠገባቸው በሆዷ ጠርዝ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለች። ያቺ ስንጥቅ የእንቁላል መውጫ በሯ ናት፤ በሳይንሱ ቨልቫ ትባላለች። የቀረው መመሪያ በሙሉ ስለዚህች በር ነው። ለምን በር ተመረጠ ብትሉ፣ በሩ ከተበላሸ ትሏ ወዲያው አትሞትም፤ ብልሽቱም በዓይን ይታያል። በር ያጣች ትል እንቁላሎቿ ሆዷ ውስጥ ይፈለፈላሉ፣ ልጆቿም ከውስጥ ይበሏታል። መጨረሻ ላይ ቆዳዋ ብቻ እንደ ከረጢት ሆኖ ልጆቿ ውስጡ ሲርመሰመሱ ይታያል። ምስሉን ያየ ተማሪ «በር የለሽ» የሚለውን ቃል አይረሳውም። በሩ የበዛባት ደግሞ ሆዷ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ይደረደራል፤ «በረ ብዙ» እንላታለን።

ደረጃ 3፦ ማርባት

በቅባት ያልተነካ ሳህን ላይ ቀጭን የአጃ ገንፎ ዘርጉ፣ ሲቀዘቅዝ ጥቂት እርሾ ነስንሱበት፣ ትል ያለበትን ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉ፣ አየር በሚያስገባ ነገር ሸፍኑ። በ20 ዲግሪ ኤሌጋንስ ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ የሚፈጅባት 3 ቀን ገደማ ነው። በ15 ዲግሪ ወደ 5 ቀን ይሄዳል። የደሴ ቤት ለዚህ ተስማሚ ነው። ኮምቦልቻ፣ ባቲና ከሚሴ ያላችሁ ግን ሳህኑን ከቆርቆሮ ጣሪያ ርቆ በሚቀዘቅዝ ቦታ አስቀምጡት፤ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ መራባቷ ይደክማል።

ትሏ አራት የእጭ ደረጃ አላት። አራተኛው ላይ ስትደርስ በሆዷ መሃል ነጣ ያለች ግማሽ ጨረቃ ትታያለች። በሩ እየተሠራ ያለው እዚያ ነው። በየቀኑ ጠዋት አንድ ስላይድ እያዩ ግማሽ ጨረቃዋ የወጣችበትን ቀን ደብተር ላይ ማስፈር ለተማሪ ትልቅ ሥራ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሳህኑን በበረኪና ሞልታችሁ አሳድራችሁ ድፉት።

ደረጃ 4፦ ታሪኩን ማወቅ

ግማሽ ጨረቃዋ ከመውጣቷ በፊት፣ በሆዷ ቆዳ ላይ ስድስት ሕዋሳት በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ከ3 እስከ 8 ባለው ቁጥር እንጠራቸዋለን። ስድስቱም እኩል ናቸው፤ ማናቸውም በር መሆን ይችላሉ። ከነሱ በላይ፣ በመራቢያ አካሏ ውስጥ፣ «መልሕቅ» የምትባል አንዲት ሕዋስ አለች። የምትገኘው በ6ኛዋ ትይዩ ነው።

ወሎ ያደገ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ከቡና ያውቀዋል። አንዷ ቤት ቡና ስትቆላ ጭሱ መንደሩን ያዳርሳል፤ ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። ግድግዳ ለግድግዳ ያለችው ጎረቤት አፍንጫዋ ይሞላል፣ ቀጥላ ያለችው ትንሽ ይሸታታል፣ ከመንደሩ ዳር ያለችው አትሰማም። መልሕቋ ሕዋስም ሊን-3 ከሚባል ጂን የሚሠራ ፕሮቲን ታሠራጫለች። 6ኛዋ ብዙ ታገኛለች፣ 5ኛና 7ኛ ጥቂት፣ የቀሩት እምብዛም።

ጭሱን የሚሸተው አፍንጫ ሌት-23 የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን ነው። አፍንጫው የሰማውን ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው ሌት-60 ነው፤ ይህ ጂን ከሰው «ራስ» ከሚባለው ጂን ጋር አንድ ዘር ነው። ስሙ ከአይጥ ዕጢ ጋር ከተያያዘ የእንግሊዝኛ ምህጻር የመጣ ነው፤ ደሴ ለተወለደ ሰው ግን ራስ ሲባል ራስ ሚካኤል ነው የሚታወሱት፣ ስለዚህ ክፍል ውስጥ ቀድማችሁ አስረዱ። ከሌት-60 ቀጥሎ መልእክቱ በተከታታይ ፕሮቲኖች አልፎ ኒውክለስ ይገባል፤ እዚያ ሊን-1 የሚባለው በረኛ «በር አትሁኚ» ብሎ የያዘውን እንዲለቅ ያደርገዋል።

6ኛዋ ጥሪውን በደንብ ስትሰማ ሁለት ነገር ታደርጋለች። አንደኛ፣ የበሩን መሃል ለመሥራት ትዘጋጃለች። ሁለተኛ፣ ግራና ቀኟ ላሉት «ይሄንን እኔ ይዤዋለሁ፣ እናንተ ዳሩን ሥሩ» ብላ ትልካለች። ይህንን ሁለተኛ መልእክት የሚቀበለው ሊን-12 ነው፤ በሌሎች እንስሳት ኖች የሚባለው ተቀባይ። ሊን-12 ሲነቃ በ5ኛና በ7ኛ ውስጥ የመጀመሪያውን ጥሪ የሚያጠፉ ጂኖች ይነሣሉ። ስለዚህ 6ኛዋ 8 ሕዋስ ትወልዳለች፣ 5ኛና 7ኛ እያንዳንዳቸው 7 ይወልዳሉ፤ በድምሩ በሩ በ22 ሕዋሳት ይሠራል። 3ኛ፣ 4ኛና 8ኛ ከቆዳው ጋር ይዋሐዳሉ።

ደረጃ 5፦ ስኒዎቹን መደርደር

ስድስቱን ስኒዎች በመስመር ደርድሩ፣ ከ3 እስከ 8 ቁጥር ለጥፉባቸው፣ ጀበናውን ከ6ኛው ጀርባ አስቀምጡ። ሕጉ ይህ ነው፦

ጀበናው ባለበት ስኒ 6 ውስጥ 6 የቡና ፍሬ፣ ስኒ 5 እና 7 ውስጥ 3 3፣ ስኒ 4 እና 8 ውስጥ 1 1 ይገባል። ስኒ 3 ባዶ ነው።
ብዙ ቡና ካለው ስኒ ጀምሩ። 3 ወይም ከዚያ በላይ ፍሬ ካለው «መሃል» ይሆናል፣ ወዲያውም ግራና ቀኙ ላሉት ስኒዎች አንዳንድ ሽምብራ ይጥላል። ሁለት ስኒ እኩል ከሆኑ ማን እንደሚቀድም ፍራንክ ጥላችሁ ለዩ።
ሽምብራ የደረሰው ስኒ ቡናውን ይመልሳል፤ «ዳር» ይሆናል።
ቡናው ከ3 በታች የሆነና ሽምብራ ያልደረሰው ስኒ «ቆዳ» ይሆናል።

አንዴ ተጫወቱት። ቆዳ፣ ቆዳ፣ ዳር፣ መሃል፣ ዳር፣ ቆዳ ይወጣል። ተፈጥሮም የምትሠራው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ግን ንገሯቸው፦ በእውነተኛዋ ትል መጠነኛ ጥሪ ብቻውንም አንዲትን ሕዋስ ወደ «ዳር» ሊመራት ይችላል፤ ጭሱና የጎረቤት ቃል ተጋግዘው ነው የሚሠሩት።

አሁን ጀበናውን አንሡ። ስኒዎቹ ሁሉ ባዶ ይቀራሉ፣ ሁሉም ቆዳ ይሆናሉ። ጁዲት ኪምብል በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳየችው ይህንን ነው፤ መልሕቋን ሕዋስ በሌዘር ስታጠፋት በሩ አልተሠራም። ቀጥሎ ጀበናውን መልሱና ስኒ 6ን አውጡ። ተማሪዎቹ «በሩ ይቀራል» ይላሉ። አይቀርም። ከጎን ያለችው ሕዋስ ወደ መሃሉ ተጠግታ ጥሪውን ትሰማለች፣ የ6ኛዋን ሥራ ትረከባለች። ሕዋሳቱ መጀመሪያ እኩል እንደነበሩ ይህን ያህል የሚያስረዳ ሌላ ነገር አላገኘሁም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ደረጃ 6፦ አንድ አንድ ጂን ማበላሸት

ሊን-3 ቢጠፋ፦ ጀበናው አለ፣ ቡና ግን የለውም። በር የለሽ።

ሌት-23 ቢጠፋ፦ ስኒዎቹን ሁሉ በወረቀት ሸፍኑ። ቡናው ይፈስሳል እንጂ አይገባም። በር የለሽ። ሌት የሚለው ስም «ገዳይ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው፤ ጂኑ ፈጽሞ ሲጠፋ ትሏ ገና እጭ ሳለች ትሞታለችና። ያው አፍንጫ በሌላም የአካል ክፍል ያገለግላል ማለት ነው። የበሩን ጉዳይ ያጠኑት በከፊል የተበላሸውን ይዘው ነው።

ሌት-60 ዝም ማለት ቢያቅተው፦ ጥሪ ሳይመጣ «ሰምቻለሁ» ይላል። ለሁሉም ስኒ 6 6 ፍሬ ስጡ። ፍራንክ እየጣላችሁ ስትጫወቱ ስድስቱም ወይ መሃል ወይ ዳር ይሆናሉ፤ ቆዳ የሚሆን የለም። በረ ብዙ። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው። በሰው ላይ የራስ ጂን ልክ እንደዚህ ዝም ማለት ሲያቅተው ሕዋሱ ሳይጠራ ይከፈላል፤ በብዙ የካንሰር ዓይነቶች የሚገኘው ይኸው ብልሽት ነው። ክፍል ውስጥ በካንሰር ሰው ያጣ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ አስቡለት።

ሊን-12 ቢጠፋ፦ ሽምብራ አይጣልም። 5፣ 6 እና 7 ሦስቱም መሃል ይሆናሉ፣ ዳር የሚሆን የለም።

ደረጃ 7፦ ማን ይቀድማል?

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ሳይንቲስቶቹ ፕሮቲኖቹ ሲላላኩ በዓይናቸው አላዩም። ታዲያ ሌት-60 ከሌት-23 በኋላ እንደሚሠራ በምን አወቁ? ሁለት ብልሽት በአንዲት ትል ላይ አዋሕደው የማን መልክ እንደሚያሸንፍ በማየት ነው። አንዱ ብልሽት በር የለሽ፣ ሌላው በረ ብዙ የሚያደርግ መሆን አለበት፤ ሁለቱም አንድ መልክ ከሰጡ ምንም አይለይም።

ስኒዎቹን በወረቀት ሸፍኑ፤ ሌት-23 ጠፍቷል። ከዚያ ዝም ማለት ያቃተውን ሌት-60 ጨምሩ፣ ማለትም ከወረቀቱ ሥር 6 6 ፍሬ አስገቡ። ባለፈው ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ብድግ ብላ «ኧረ ቲቸር! አፍንጫው ተዘግቷል፣ ስኒዎቹ ግን ሞልተዋል። ታዲያ ማን ቀዳ?» አለች። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ራሷ መለሰችው፦ «የሞላው ከአፍንጫው ወዲህ ነዋ!» ልክ ናት። ውጤቱ በረ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሌት-60 ከሌት-23 በኋላ ነው።

ሁለተኛውን እናንተ ስጧቸው። ሌት-60 በከፊል ተበላሽቷል፣ ለብቻው በር የለሽ ያደርጋል። ሊን-1 ጠፍቷል፣ ለብቻው በረ ብዙ ያደርጋል፤ በረኛው ከሌለ የሚከለክል የለምና። ሁለቱ አብረው ሲበላሹ? በረ ብዙ ይወጣል። መልእክተኛው ባይመጣም በረኛው ራሱ የለም፤ ሊን-1 ከሁሉም ወደ ውስጥ ነው። በሰሌዳው ላይ ሊን-3፣ ሌት-23፣ ሌት-60፣ ሊን-1 ብላችሁ ቀስት ስታሠምሩ፣ ከሌት-60 ወደ ሊን-1 ያለውን በቀስት ፈንታ በመከልከያ መስመር ዝጉት። ተማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ጂን ሁሉ «አድርግ» የሚል ይመስላቸዋል። ሲጠፋ በር የሚያበዛ ጂን ግን፣ ሳይጠፋ የሚከለክል ጂን ነው።

ደረጃ 8፦ ጀበናው ራሱ ከየት መጣ?

ተማሪ ካልጠየቀ እናንተ ጠይቁ። መልሕቅ መሆን የሚችሉ ሁለት ሕዋሳት ነበሩ፤ እኩል ናቸው። ሁለቱም እርስ በርስ «አንቺ ተይው» እያሉ ይላላካሉ፤ ተቀባዩ እንደገና ሊን-12 ነው። በአጋጣሚ አንዷ ትንሽ ከበረታች ሌላዋ የመላክ አቅሟ ይቀንሳል፣ ይህም የበረታችውን ይበልጥ ያበረታታል። በአንዷ ትል አንደኛዋ፣ በሌላዋ ሁለተኛዋ ትመረጣለች፤ ፍራንክ እንደመጣል ነው። ሁለት ተማሪ 10 10 ሽምብራ ይዘው ይቀመጡ። በየዙሩ ፍራንክ ይጣል፤ ያሸነፈው ከሌላው አንድ ሽምብራ ይውሰድ፣ በቀጣዩ ዙር ሁለት፣ ከዚያ አራት። ከጥቂት ዙር በኋላ አንዱ ባዶ ይሆናል። ሊን-12 ከጠፋ ውድድሩ አይኖርም፤ ሁለቱም መልሕቅ ይሆናሉ። አንድ ጂን በሁለት ቦታ፣ በሁለት ሰዓት፣ ለሁለት ጉዳይ ያገለግላል።

ሰዓቱም በጂን ነው የሚጠበቀው። ሊን-4 የሚባለው ጂን ፕሮቲን አይሠራም፤ 22 ፊደል ያላት ትንሽ አርኤንኤ ሠርቶ ሊን-14 በጊዜው እንዲቀንስ ያደርጋል። ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን ይህንን በ1993 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙበት። ጊዜ ካላችሁ ለሌላ ቀን አቆዩት።

ለቤት ሥራ ሊን-15ን ስጡ። ይህ ጂን ሲጠፋ ትሏ በረ ብዙ ትሆናለች። ጀበናው ቢነሣም በረ ብዙ እንደሆነች ትቀራለች። ስኒዎቹ በወረቀት ሲሸፈኑ ግን በር የለሽ ትሆናለች። ጥያቄው፦ ሊን-15 የሚሠራው የት ነው? ስኒዎቹ ውስጥ ነው የሚል ተማሪ ወረቀቱን ያስታውስ፤ ከወረቀቱ ወዲህ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ባልገታው ነበር። ጀበናው ነው የሚል ደግሞ ጀበናው መነሣቱን ያስታውስ። የሚቀረው በስኒዎቹ ዙሪያ ያለው ጠረጴዛ ነው። እውነትም ሊን-15 የሚሠራው ስድስቱን ሕዋሳት በከበበው ቆዳ ውስጥ ነው፤ ቆዳው በራሱ ሊን-3 እንዳያወጣ ይይዘዋል። እሱ ሲጠፋ ግቢው ሁሉ ቡና ይቆላል።